በቤታችን ዋይፋይ ላይ ማን አለ?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ላይ የቀረበ፤ ለአንባብያን እንዲመች በጽሑፍ የተሰናዳ)



ዛሬ የምናነሳው ርእስ ከወትሮው ለየት ያለ ቢሆንም የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ነው። ቤቱ ኢንተርኔት ያስገባ አባወራ በየወሩ ሂሳቡን ይከፍላል። ከዒሻ ሶላት በኋላ ጅዳ ወይም ዱባይ ካለች እህቱ ጋር በምስል ሊነጋገር ሲል ግን ድምጿ ይቆራረጣል፣ ምስሏም ደርቆ ይቀራል። «ጎረቤት እየተጠቀመብን ነው» የሚለው ጥርጣሬ የሚመጣው ያኔ ነው። እማወራዋ ደግሞ ሌላ ሐሳብ አለባት። ልጇ በሩን ዘግቶ እስከ እኩለ ሌሊት ስልኩ ላይ ምን እንደሚያይ አታውቅም። ሁለቱም ጥያቄዎች የሚያመሩት ወደ አንድ ዕቃ ነው፤ ሳሎን ጥግ ላይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ወደሚለው ራውተር። ማን እንደተገናኘ፣ ማን ምን ያህል እንደተጠቀመ ይህ ዕቃ ያውቃል። እንዴት እንደምንጠይቀው፣ የቱን ጠይቀን የቱን መተው እንደሚገባን ኢንሻአላህ ዛሬ እናያለን።

በቅድሚያ ዋይፋይ ሬዲዮ መሆኑን ልብ እንበል። ይህን ዝግጅት ወደ ቤታችሁ ያመጣው ሞገድ ግድግዳ እንደሚያልፍ ሁሉ የዋይፋይ ሞገድም ያልፋል። በየቤቱ ያሉት ራውተሮች በአብዛኛው 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ በሚባሉ ሁለት የሞገድ ክልሎች ይሠራሉ። የመጀመሪያው ርቀትና ግድግዳ ይችላል፤ ሁለተኛው ፈጣን ነው፣ ግን ከአንድ ሁለት ግድግዳ በኋላ ይደክማል። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ስልኩን ከፍቶ የዋይፋይ ዝርዝሩን ቢያይ የላይ፣ የታችና የጎን ጎረቤቶቹን ስም ተደርድሮ ያገኘዋል። የእርሱም ስም በእነርሱ ስልክ ላይ እንዲሁ ይታያል። የቤታችንን በር መቆለፋችን ዋይፋያችንን አይቆልፈውም ማለት ነው።

የተገናኙትን መቁጠር

የመጀመሪያው መከታተያ ከራሱ ከራውተሩ ጋር ተሠርቶ የመጣ ነው፤ ገንዘብም ሆነ ልዩ ፕሮግራም አይጠይቅም። ከዋይፋዩ ጋር በተገናኘ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ብሮውዘር ክፈቱና በአድራሻው ቦታ 192.168.1.1 ብላችሁ ጻፉ። በአንዳንድ ራውተሮች 192.168.0.1 ወይም 192.168.100.1 ይሆናል። ትክክለኛው ብዙ ጊዜ ከዕቃው ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ገጹ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃችኋል። ይህ ቃል ዋይፋይ ለመገናኘት የምንጽፈው ሳይሆን የአስተዳዳሪው ቃል ነው። ይህም ወረቀቱ ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ካልተገኘ አገልግሎቱን ያስገባውን ድርጅት መጠየቅ ነው።

ገብታችሁ «ኮኔክትድ ዲቫይስስ»፣ «ዋየርለስ ክላየንትስ» ወይም «ዲኤችሲፒ» የሚል ክፍል ፈልጉ። ስሙ እንደ ራውተሩ ዓይነት ይለያያል እንጂ የሚያሳየው አንድ ነው፤ የተገናኙትን ዕቃዎች ዝርዝር። በእያንዳንዱ መስመር ላይ የዕቃው ስም፣ ራውተሩ የሰጠው የአይፒ አድራሻና ማክ አድራሻ የሚባል ቁጥር ይኖራል። ማክ አድራሻ ከ0 እስከ 9 ካሉት አሃዞችና ከኤ እስከ ኤፍ ካሉት የላቲን ፊደላት የተውጣጡ 12 ምልክቶች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ 6 ምልክቶች የትኛው ፋብሪካ እንደሠራው ይነግራሉ፤ የቀሩት 6 ዕቃውን ከሌሎቹ ይለያሉ።

ዝርዝሩን ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይደነግጣል። አራት ሰው በሚኖርበት ቤት አሥር መስመር ሲያይ «ስድስቱ ሌቦች ናቸው» ይላል። ተረጋግቶ መቁጠር ይገባል። የአባት ስልክ፣ የእናት ስልክ፣ የልጆቹ ስልኮች፣ ቴሌቪዥኑ፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር የተያያዘው ሪሲቨር፣ ላፕቶፑ፣ ባለፈው ዒድ የመጣው እንግዳ ስልክ ሁሉ እዚያ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ራውተር ከሄደ የቆየውንም ዕቃ ስሙን ይዞ ያቆየዋል። እርግጠኛ የሚያደርገው መንገድ ቀላል ነው። በቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ ከዋይፋይ አውጡ፤ በየጊዜው ገጹን አድሱና የትኛው መስመር እንደጠፋ ደብተር ላይ ጻፉ። ሁሉም ከወጣ በኋላ እንደተገናኘ የሚቀር ካለ የማን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው አንድሮይድ 10 እና በ2020 ከወጣው የአይፎን አይ ኦ ኤስ 14 ወዲህ ስልኮች እውነተኛውን ማክ አድራሻ ደብቀው በየኔትወርኩ የተለየ የዘፈቀደ ቁጥር ይሰጣሉ። ይህ ባለቤቱ በየሄደበት እንዳይከታተሉት የተደረገ ጥበቃ ነው። ታዲያ ያው የልጃችሁ ስልክ አንድ ጊዜ በአንድ ቁጥር፣ ሌላ ጊዜ በሌላ ሊታይ ይችላል። በስልኩ የዋይፋይ ማስተካከያ ውስጥ ለቤታችሁ ኔትወርክ ብቻ ይህን ማጥፋት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ደብተራችሁ ላይ የጻፋችሁት ቁጥር አይለዋወጥም። ይህን ሳያውቅ ጎረቤቱን ያኮረፈ ሰው ቢኖር አይገርምም።

የሚዘገየው በሌባ ብቻ ነውን?

ከልምድ እንደምናየው ኢንተርኔት የሚንቀራፈፈው በሌባ ከሆነበት ጊዜ ይልቅ በሌላ ምክንያት የሆነበት ይበልጣል። ስለዚህ ከመጠርጠር በፊት መለካት ይቀድማል። ላፕቶፕ ካላችሁ በኬብል ከራውተሩ ጋር በቀጥታ አገናኙና ፍጥነቱን ለኩ። በኬብል ደህና ሆኖ በዋይፋይ ደካማ ከሆነ ችግሩ ያለው በሞገዱ ላይ ነው። በኬብልም ደካማ ከሆነ ወይ መስመሩ ነው፣ ወይ ደግሞ ሌላ ዕቃ እየሳበ ነው።

ለሞገዱ በስልክ ላይ የሚጫኑ የዋይፋይ መለኪያ ፕሮግራሞች አሉ። የሞገዱን ጉልበት ዲቢኤም በሚባል መለኪያ ከዜሮ በታች ባለ ቁጥር ያሳያሉ። ከዜሮ ሲቀነስ 50 አካባቢ ጥሩ ነው፤ ሲቀነስ 70 ላይ ይደክማል፤ ሲቀነስ 80 ከደረሰ በምስል መነጋገር ይከብዳል። እንዲሁም ጎረቤቶች የትኛውን ቻናል እንደያዙ ያሳያሉ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ሁሉም 6 ላይ ከተጨናነቀ የእናንተን ወደ 1 ወይም ወደ 11 መውሰድ፣ ከተቻለም ስልኩን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ማዛወር ለውጥ ያመጣል። ራውተሩን ከቁም ሳጥን ጀርባ አውጥቶ ከፍ ባለ ቦታ ማስቀመጥም እንዲሁ።

ሌላው ምክንያት ከቤት ውስጥ የሚነሳ ነው። ወደ ቤት የሚገባው ዳታና ከቤት የሚወጣው ዳታ የየራሱ መንገድ አለው፤ የሚወጣበት መንገድ በብዙ ቤት ጠባብ ነው። የልጁ ስልክ ማታ ዋይፋይ ሲያገኝ የቀኑን ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ ለመጠባበቂያ ወደ ኢንተርኔት መጫን ይጀምራል። መውጫው ሲሞላ የጅዳዋ እህት ድምፅ ይቆራረጣል። ማንም አልሰረቀም፤ የራስ ቤት ነው። ይህን በግምት ሳይሆን በማስረጃ ለማወቅ ከሁለተኛው ዓይነት መከታተያ ጋር መተዋወቅ ያስፈልጋል።

ራውተሩን መዝጋቢ ማድረግ

ራውተር ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ይህ ለሕዝብ ግልጽ የሆነው ሊንክሲስ እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ላይ ባወጣው ደብልዩ አር ቲ 54 ጂ በተባለ ሰማያዊና ጥቁር ራውተር ነበር። በውስጡ የሚሠራው ሊኑክስ መሆኑ ታወቀ፤ የሊኑክስ ፈቃድ ደግሞ ኮዱን ለሕዝብ መስጠት ያስገድዳልና በ2003 ኮዱ ወጣ። ከዚያ ኮድ ተነስቶ በ2004 ኦፕን ደብልዩ አር ቲ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ተጀመረ። ዛሬም በብዙ ዓይነት ራውተሮች ላይ ይጫናል። ያ የመጀመሪያው ራውተር የነበረው 4 ሜጋባይት ማከማቻና 16 ሜጋባይት ሜሞሪ ብቻ ስለሆነ ዛሬ ለዚህ ሥራ አይበቃም። አሁን ቢያንስ 16 ሜጋባይት ማከማቻና 128 ሜጋባይት ሜሞሪ ያለውን መምረጥ ይመከራል።

ማሳሰቢያ አለን። አገልግሎት ሰጪው ድርጅት ያስገባላችሁን ዕቃ እንዳትነኩት። ንብረቱ የእናንተ ላይሆን ይችላል፤ በተለይ በፋይበር የሚሠራው ሶፍትዌሩ ከተቀየረ መስመሩ ይቋረጣል። የራሳችሁን ሌላ ራውተር ገዝታችሁ ከኋላው በኬብል አገናኙ፤ የድሮውን ዋይፋይ አጥፉና ቤተሰቡ ሁሉ በአዲሱ በኩል እንዲያልፍ አድርጉ። ራውተር ከመግዛታችሁም በፊት ሞዴሉና የሥሪት ቁጥሩ በኦፕን ደብልዩ አር ቲ የዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። ሞዴሉ አንድ ሆኖ ሥሪቱ ሲለይ ውስጡ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ያ የሊንክሲስ ራውተር እንኳ አምስተኛው ሥሪት ላይ ሜሞሪው በግማሽ ተቀንሶ ነበር። ሶፍትዌሩ በሚጫንበት ጊዜ መብራት ከጠፋ ዕቃው ሊበላሽ ስለሚችል መብራት በሚያስተማምን ሰዓት ሥሩት። ሥራውን ያልለመደ ሰው ኮምፒውተር የሚያውቅ ዘመድ ይዞ ቢሠራው ይሻላል።

ከተጫነ በኋላ ሉሲ የሚባለው የማስተዳደሪያ ገጽ ይከፈታል። መጀመሪያ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል አድርጉ። ከዚያ «ሲስተም» ከሚለው ሥር «ሶፍትዌር» የሚለውን ገብታችሁ ዝርዝሩን አድሱና ስሙ በላቲን ፊደል ኤን፣ ኤል፣ ቢ፣ ደብልዩ፣ ኤም፣ ኦ፣ ኤን ተብሎ የሚጻፈውን ፕሮግራም ከነማሳያ ገጹ ጫኑ። ይህ ፕሮግራም እያንዳንዱ ዕቃ ስንት ሜጋባይት እንዳወረደና ስንት እንደላከ ይመዘግባል። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ የማታውን ችግር የሚያመጣው የቱ ዕቃ እንደሆነ በቁጥር ታዩታላችሁ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ፕሮግራሙ መዝገቡን እንደመጣ የሚያስቀምጠው መብራት ሲጠፋ በሚጠፋው ሜሞሪ ላይ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህ ማለት መዝገቡ በየጊዜው ከባዶ ይጀምራል ማለት ነው። ራውተሩ የዩኤስቢ ቀዳዳ ካለው ፍላሽ ሰክቶ የመዝገቡን ቦታ ወደዚያ ማዛወር ይቻላል።

ጥፋተኛው ፎቶ የሚልከው ስልክ ሆኖ ከተገኘ መፍትሔውም እዚያው አለ። ኤስ ኪው ኤም የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑና የሚገባውንና የሚወጣውን ፍጥነት ከለካችሁት ወደ 85 ወይም 90 በመቶ ዝቅ አድርጋችሁ ጻፉ። ራውተሩ ያን ጊዜ ወረፋውን ራሱ ይይዛል፤ ትልቁ ጭነት ትንሿን የድምፅ ዳታ አያስጠብቃትም። ፎቶውም ይሄዳል፣ ንግግሩም አይቆራረጥም። ከዛሬው ዝግጅት አንድ ነገር ብቻ የሚሠራ ሰው ቢኖር ይህን ቢሠራ እንመርጥለታለን።

እስከየት ድረስ?

ሦስተኛ ዓይነት መሣሪያም አለ። ኪስሜት የተባለው ፕሮግራም ራሱ ምንም ሳይልክ በአየር ላይ የሚያልፈውን የዋይፋይ ሞገድ ሁሉ ያዳምጣል። በአካባቢው ያሉትን ራውተሮችና ከእነርሱ ጋር የሚነጋገሩትን ስልኮች ይመዘግባል። በቤታችን ስም የተከፈተ አስመሳይ ዋይፋይ ካለ ለማወቅ ይረዳል። ነገር ግን የእኛንና የጎረቤትን አይለይም፤ የጎረቤቱ ስልክ መቼ እንደመጣ፣ መቼ እንደሄደ ሁሉ ይመዘግባል።

እ.ኤ.አ. በ2010 ጉግል የመንገድ ፎቶ የሚያነሱ መኪኖቹ ካልተቆለፉ ዋይፋዮች ላይ የሰዎችን ዳታ ጭምር እየሰበሰቡ እንደነበር አምኗል። ለዓመታት በብዙ አገሮች የተደረገ ነበር፤ በየአገሩም ክስና ምርመራ አስከትሏል። በአገራችንም የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ሲስተም መግባትንና ዳታውን መጥለፍን በወንጀል ያስቀጣል።

ይህ ዝግጅት ፈትዋ የሚሰጥበት አይደለም፤ ዝርዝሩን ዑለማዎቻችንን መጠየቅ ነው። ሆኖም በሱረቱል ሑጁራት 12ኛው አንቀጽ ከብዙ ጥርጣሬ መራቅና የሰው ነውር አለመከታተል በአንድ ላይ መምጣታቸውን ልብ ማለት ይበቃል። በራስ ራውተር የሚያልፈውን ዳታ መጠን መቁጠርና የጎረቤትን ሞገድ ማዳመጥ አንድ አይደሉም። በዚያው ልክ የሰውን ዋይፋይ ሳያስፈቅድ የሚጠቀምም ሐቅ አለበት።

የልጆችስ ጉዳይ? ወላጅ ልጁን መጠበቁ ኃላፊነቱ ነው። ግን ራውተሩ የሚያየው ብዙዎች የሚያስቡትን ያህል አይደለም። ዛሬ አብዛኞቹ ገጾች በምስጢር ቁልፍ ታሽገው ስለሚያልፉ ራውተሩ በአብዛኛው ልጁ ወደ የትኛው ድረ ገጽ እንደሄደ እንጂ እዚያ ምን እንዳነበበ ወይም ለማን ምን እንደጻፈ አያይም። መጥፎ ገጾችን ለማገድ በራውተሩ ላይ ዲ ኤን ኤስ በሚለው ቦታ 1.1.1.3 እና 1.0.0.3 ብሎ መጻፍ ይቻላል። ይህ ክላውድፍሌር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ለቤተሰብ ብሎ በነፃ የከፈተው ነው፤ የብልግና ገጾችንና ቫይረስ የሚያሰራጩትን አይከፍትም። ልጁ ወደ ሞባይል ዳታ ከዞረ ወይም በስልኩ ቪፒኤን ከጫነ ግን አይሠራም። ስለዚህ መከታተያውን በድብቅ ከማድረግ ይልቅ «ልጄ፣ ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ ዋይፋዩ ይዘጋል፤ እነዚህ ገጾችም አይከፈቱም» ብሎ በግልጽ ነግሮ ማድረጉ ይበጃል። በድብቅ የተደረገውን ልጁ ያወቀው ቀን ጓደኛው ቤት ሄዶ መጠቀም ይጀምራል። የሰዓት ገደቡን የሚያደርገው ክፍል በብዙ ራውተር ላይ «ፓሬንታል ኮንትሮል» ይባላል።

ያልታወቀ ሰው ከተገኘ

ቆጥረን፣ ለክተን፣ የእኛ ያልሆነ ዕቃ በእርግጥ ካገኘን የዋይፋዩን የይለፍ ቃል መቀየር ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ይወጣል፤ አዲሱን ቃል የተሰጠው ብቻ ይመለሳል። ቃሉ ከ12 ፊደል ያላነሰ፣ የስልክ ቁጥርም የልጅ ስምም ያልሆነ ይሁን። የመቆለፊያው ዓይነት ደብልዩ ፒ ኤ 2 ወይም 3 መሆኑን እዩ፤ ደብልዩ ኢ ፒ የሚለው የድሮው ቁልፍ ድክመቱ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጋለጠ ነውና አይጠቅምም። ደብልዩ ፒ ኤስ የሚባለውን በቁልፍ ቁጥር መገናኛ አጥፉት። ባለ 8 አሃዝ ቁጥሩ በሁለት ተከፍሎ ስለሚጣራ 11,000 ያህል ሙከራ እንደሚበቃው በ2011 ታይቷል፤ ብዙ ዓይነት ራውተርም ያን ሙከራ አይከለክልም ነበር። የዋይፋዩን ስም መደበቅ ግን ብዙ አያስጥልም፤ ኪስሜትን የመሰለ ፕሮግራም ወዲያው ያገኘዋል።

የአስተዳዳሪውንም ቃል አትርሱት። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የያዘው ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል እየሞከረ ነበር። በ2018ም ቪፒኤን ፊልተር የተባለው በ54 አገሮች ግማሽ ሚሊዮን ያህል ዕቃዎችን ይዞ ተገኝቷል። ገጹ ውስጥ «ሪሞት ማኔጅመንት» የሚል ካለ አጥፉት፤ አዲስ ሶፍትዌር ካለም አድሱ። የዲ ኤን ኤስ ቁጥሩ እናንተ ያልጻፋችሁት ሆኖ ከተገኘም አገልግሎት ሰጪው የሰጠው መሆኑን ጠይቁ፤ ሌባ ቀይሮት ከሆነ የባንክን ገጽ አስመስሎ ሊያመጣላችሁ ይችላል።

ጎረቤትን በተመለከተ፣ ቃሉን ብዙ ጊዜ የሰጠው ከቤት የወጣ ሰው ነው፤ ልጁ ለጓደኛው፣ ጓደኛውም ለወንድሙ። መዝገብ ይዞ በር ከማንኳኳት በፊት ቤት ውስጥ መጠየቅ ይቀድማል። ጎረቤት ለትምህርትም ሆነ ለአስቸኳይ ጉዳይ ቢፈልግና ልንሰጠው ብንወድ ደግሞ «ገስት ኔትወርክ» የሚለውን ከፍተን የራሱ ስምና ቃል ያለው ዋይፋይ እንሰጠዋለን። እንግዳው ኢንተርኔቱን ያገኛል፤ የቤቱን ኮምፒውተርና የራውተሩን ገጽ ግን አያይም። በብዙ ራውተር ላይ የፍጥነት ገደብም ሊደረግለት ስለሚችል የጅዳውን ንግግር አይነካም። ለዒድ የሚመጣውንም እንግዳ በዚያው በኩል ማስተናገድ ይቻላል፤ ሲሄድ ማጥፊያው አንድ ጠቅታ ነው።